የተያዘ ጆሮ፦ ድምፅ የሚያሰሙ የመንገድ መርጃዎች በመሃል አዲስ አበባ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ዋናው ፖስታ ቤት የሚወርድ ዓይነ ስውር መንገደኛ ጆሮው ሥራ አልፈታም። የበትሩ ጫፍ መሬቱን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ከፊቱ ያለው ንጣፍ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ ወይስ የማንሆል ክዳን መሆኑን ይነግረዋል። በጎኑ ያለው ግድግዳ ሲያበቃ የእርምጃው ማሚቶ ይሳሳል፤ የግቢ በር ወይም መታጠፊያ ደርሷል ማለት ነው። መኪኖቹ በአንድ ትከሻው በኩል ትይዩ እያለፉ እስከሆነ ድረስ አቅጣጫውን አልሳተም። የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ሲል ፌርማታው ከፊቱ መሆኑን፣ የማኪያቶ ማሽን ሲያፏጭ የካፌው በር አጠገቡ መሆኑን ያውቃል።

ለዚህ ሰው የሚናገር መነፅር፣ የሚጮኽ ቀበቶ ወይም አቅጣጫ የሚያሰማ ማዳመጫ ሲቀርብለት መጀመሪያ መታየት ያለበት መሣሪያው ከእነዚህ ሥራዎች የትኛውን ከጆሮው ላይ እንደሚቀማ ነው። በተማሪዎች የፈጠራ ሥራም ሆነ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ጆሮን እንደ ባዶ ቤት መቁጠር ነው። ቤቱ ግን ተከራይ ሞልቶታል።

መሣሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቅርቡን ያስሳል፦ ምሰሶ፣ የቆመ መኪና፣ የተንጠለጠለ ሰሌዳ። ሌላው ሩቁን ያመለክታል፦ መድረሻው በየት በኩል ነው፣ ስንት ሜትር ይቀራል። የመጀመሪያው ቢሳሳት በሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ግን በብዙ ሜትር ይሳሳታል። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ከትቶ «ሙሉ መሪ» ብሎ መሸጥ ብዙ ሰው አሳዝኗል።

ቅርቡን ከሚያስሱት ብዙዎቹ የሌሊት ወፍን ዘዴ ይጠቀማሉ። በጀማሪዎች እጅ በብዛት የምትገኘው ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለችው ርካሽ ሴንሰር (ርቀት ለኪ) ናት። በ5 ቮልት ትሠራለች፤ የ10 ማይክሮ ሰከንድ ትእዛዝ ሲደርሳት 8 ምት ያለው የ40 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ትለቃለች። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ ስለማይሰማ ማንም አይረበሽም፤ ውሻ ግን እስከ 45 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ስለሚሰማ አንዳንድ የመንደር ውሻ ጆሮውን ቢያቆም አይገርምም። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀው ማይክሮ ሰከንድ ለ58 ሲካፈል ርቀቱ በሴንቲ ሜትር ይገኛል። ፋብሪካው የሚሰጣት አቅም ከ2 ሴንቲ ሜትር እስከ 4 ሜትር ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ስሌቱ ይዛባል ብለው የሚጨነቁ አሉ። የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ግን ሙቀት እንጂ ከፍታው ራሱ አይደለም፦ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 337 ሜትር፣ በ25 ዲግሪ 346 ሜትር ገደማ ነው። በ2 ሜትር ርቀት ላይ ልዩነቱ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የሙቀት መለኪያ መጨመር የዕቃ ብክነት ነው።

ዋናው ጉዳይ የት እንደምትሰቀል ነው። ሴንሰሯን ደረት ላይ፣ ከመሬት 125 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ 15 ዲግሪ ወደ ላይ ማዘንበል ጥሩ መነሻ ነው። እንዲህ ስትሆን የጨረሯ መሃል 1.5 ሜትር ፊት ለፊት ላይ 165 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ ግንባር የሚገጨው ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። ከግንባታ ጎን ወደ እግረኛ መንገድ የወጣ አጣና፣ የሱቅ ሰሌዳ፣ የቆመ የጭነት መኪና ጎን፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ፦ በትር እነዚህን ሁሉ ከሥራቸው አልፎ ይሄዳል። ጨረሩ ወደ ጎን የሚሰፋው በ15 ዲግሪ ከተወሰደ በ2 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር፣ በ4 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ይሆናል።

የማስጠንቀቂያው ርቀት ላይ ነው ብዙዎቹ የሚሰናከሉት። ሠሪው «4 ሜትር ትችላለች» ስለተባለ በ4 ሜትር ያስጮሃታል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ በስታዲየም ዙሪያ በ4 ሜትር ውስጥ ሰው የሌለበት ቅጽበት የለም፤ መሣሪያው ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ተጠቃሚውም በሦስተኛው ቀን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። በበትር የሚሄድ ሰው ፍጥነት በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሰምቶ ለመቆም አንድ ሰከንድ ያህል ቢፈጅበት በገላጣ መንገድ 150 ሴንቲ ሜትር፣ እርምጃው በሚዘገይበት በተጨናነቀ ቦታ ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ስለዚህ ሁለት ደረጃ ያለው መቀያየሪያ ያስፈልጋል። ንባቡም በአንድ ልኬት ብቻ መታመን የለበትም፦ ሦስት ልኬት ወስዶ መካከለኛውን መያዝ ያሻል። በልኬቶቹ መካከል የቀድሞው ማሚቶ እስኪጠፋ 60 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ ስለሚመከር ሦስቱ 180 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃሉ፤ መንገደኛው በዚያ ጊዜ 18 ሴንቲ ሜትር ተራምዷል። አምስት ልኬት መውሰድ ንባቡን ያጠራዋል፤ ዋጋው ግን 30 ሴንቲ ሜትር ነው።

አሁን ወደሚበላሸው እንሂድ። የመጀመሪያው ብልሽት ከቤት ሳይወጡ የሚደርስ ነው፦ በጩኸት ፈንታ በንዝረት የሚያስጠነቅቀውን ሞተር መሣሪያውን ከሚያዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ከአርዱይኖ እግር (የሽቦ ማገናኛ) ጋር በቀጥታ ማገናኘት። ትንሿ ክብ ሞተር 80 ሚሊ አምፒር ያህል ልትስብ ትችላለች፤ የአርዱይኖ ናኖ አንድ እግር ግን ከ40 በላይ አይችልም፤ የሚመከረውም 20 ነው። መሃል ላይ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል 2ኤን2222 ትራንዚስተር፣ ከመቆጣጠሪያ እግሩ 1 ኪሎ ኦኸም ሬዚስተር፣ ከሞተሩ ጎን ደግሞ ሞተሩ ሲቆም የሚመልሰውን የኤሌክትሪክ ምት የሚውጥ ዳዮድ መግባት አለበት። ሁለተኛው የኃይል ምንጩ ነው። ለስልክ የተሠራ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኃይል በጣም ሲያንስ «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ይበዛዋል። መሣሪያው እንቅፋት በሌለበት ጊዜ የሚስበው ከ50 ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነ ባዶ መንገድ ላይ በዝምታ ይሞታል። ዝም ያለው መንገዱ ነፃ ስለሆነ ነው ወይስ ስለጠፋ? ተጠቃሚው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዚህ ምክንያት የትኛውም እንዲህ ያለ መሣሪያ በየ10 ሰከንዱ አንድ ቀጭን ንዝረት ሰጥቶ «አለሁ» ማለት አለበት።

ከቤት ከወጡ በኋላ ደግሞ የአገሩ ልብስ አለ። ነጠላ ወይም ጋቢ ትከሻ ላይ ሲጣል ጫፉ ሴንሰሯን ይሸፍናታል፤ መሣሪያው ከፊቱ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ግድግዳ ያለ ይመስለውና ይንጫጫል። ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጨርቅ ድምፁን ስለሚውጥ ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው ከብረት ምሰሶ ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። በክረምት ጃንጥላ ወደ ፊት ሲዘነበል ጠርዙ የጨረሩ መንገድ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የጠቀስናት ሴንሰር ውኃ የማይከለክላት መሆኑም አለ። ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የተባለችው ውኃ የምትችል ናት፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ያለውን ግን አታይም። የአውቶቡስ በር ሲከፈትና የፍሬን አየር ሲለቀቅ የሚወጣው ፉጨት በውስጡ ለእኛ የማይሰማ ከፍተኛ ድምፅ አለው፤ ሴንሰሯ ያንን እንደ ማሚቶ ልትቆጥረው ትችላለች። ፌርማታ ላይ ያለምክንያት የሚጮኽ መሣሪያ ካጋጠመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳትጮኽ የምታልፋቸው ናቸው። የኤሌክትሪክ ምሰሶን ደግፎ በሰያፍ ወደ መሬት የወረደ ሽቦ ቀጭንም ሰያፍም ስለሆነ ማሚቶውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል። በሰያፍ የተከፈተ የመስታወት በርም እንዲሁ። በሌዘር የሚለኩት ትናንሽ ሴንሰሮች ይህን ይፈታሉ ተብለው ይሞከራሉ፤ እነሱ ደግሞ መስታወቱን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይም አቅማቸው በእጅጉ ይወርዳል።

ጉድጓድስ? ክዳኑ የተነሣ ማንሆል፣ ያልተደፈነ ቦይ፣ ድንገት የሚያበቃ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፦ በመሃል ከተማው እውነተኛው አደጋ ይህ ነው። ደረት ላይ ተሰቅሎ ወደ ታች የሚያይ ሴንሰር በእያንዳንዱ እርምጃ አብሮ ይወዛወዛል፤ 15 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ጠርዝን ከሰውየው መወዛወዝ መለየት አይችልም። ረጅሙ ነጭ በትር ይህን ሥራ ያለ ባትሪ ይሠራል። ሪቻርድ ሁቨር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ረጅሙን በትርና ግራ ቀኝ እያሉ የመዳሰስን ስልት ካስተማረ ወዲህ ከወገብ በታች ያለውን አደጋ በዚህ ዋጋ የሚተካ ነገር አልመጣም። «ከእንግዲህ በትር አያስፈልግም» የሚል ማስታወቂያ ያለው መሣሪያ ካለ አለመግዛት ነው።

ታዲያ እንቅፋቱ በድምፅ ይነገር ወይስ በንዝረት? ጽሑፉ ስለ ድምፅ ቢሆንም መልሳችን ለቅርብ እንቅፋት ንዝረት የሚል ነው። ጆሮ አቅጣጫ የሚለየው ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት የጊዜ ልዩነት ሲሆን፣ ትልቁ ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ነው። በቀጭን ድምፅ ደግሞ ጭንቅላት በሚጥለው ጥላ፣ ማለትም በጥንካሬ ልዩነት ይረዳል። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰካ ኤርፎን ይህን ሚዛን ያፈርሰዋል። ሁለቱንም የሚደፍነው ደግሞ መንገዱን ራሱን ይዘጋዋል። በአጥንት በኩል የሚያሰማው ማዳመጫ ከጆሮ ፊት ያለው ጉንጭ አጥንት ላይ ስለሚያርፍ የጆሮው ቀዳዳ ክፍት ይሆናል፤ ከሦስቱ ይህ ይሻላል። ሆኖም ክፍት ጆሮ ማለት ነፃ ልብ ማለት አይደለም፤ ሰው የሚነገረውን እያዳመጠ መኪናውን ይስታል። በአውቶቡስ ጩኸት መሃል ድምፁ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ማዳመጫው ቆዳን ይኮረኩራል።

ድምፅ ከተመረጠ ዓይነቱ ይመረጥ። «ቲ…ት» የሚል አንድ ወጥ ቀጭን ድምፅ ከየት እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል፤ ምላስ ሲንቀጫቀጭ እንደሚሰማው ያለ አጭር፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ አብሮ የያዘ «ቋ» የሚል ድምፅ በቀላሉ ቦታውን ያሳብቃል። ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም፤ ሌዝሊ ኬይ የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የእጅ ባትሪ የመሰለ ድምፃዊ መሣሪያ፣ ቀጥሎም ማሚቶን ወደ ሁለቱ ጆሮ የሚያደርስ መነፅር ሠርቷል። ሆላንዳዊው ፒተር ማየር በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዘ ቮይስ» የተባለ ዘዴ ደግሞ ምስልን ወደ ድምፅ ይለውጣል፦ በየሰከንዱ ምስሉን ከግራ ወደ ቀኝ ይጠርጋል፤ ከላይ ያለው ነገር ቀጭን ድምፅ፣ ደማቁ ነገር ጎላ ያለ ድምፅ ይኖረዋል። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ረጅም ልምምድ ይፈልጋል፤ ጆሮንም ጠቅልሎ ይይዛል። ለሳሎን ቤት ይሁን፤ ለፒያሳ አይሆንም።

ሩቁን በማመልከት ግን ድምፅ ተወዳዳሪ የለውም። ማይክሮሶፍት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳውንድስኬፕ የተባለ የአይፎን መተግበሪያ ሐሳቡን በደንብ አሳይቷል፦ መድረሻው ባለበት አቅጣጫ የሚመታ ከበሮ መሳይ ድምፅ ይሰማል፤ ሰውየው ፊቱን ሲያዞር ድምፁ ከኋላው ወይም ከጎኑ ይሆናል። ኩባንያው በ2023 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ቢያቆምም ኮዱን ለሁሉም ክፍት ስላደረገው ሌሎች እየቀጠሉበት ነው። የሚጠቀመው ካርታ ማንም ሰው ሊያርመው የሚችለውን ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ስለዚህ የሰፈር ፋርማሲን፣ የታክሲ ፌርማታንና የግቢ በርን በትክክለኛ ቦታቸው ማስገባት ማንኛውም ስልክ ያለው በጎ ፈቃደኛ ሊያግዝበት የሚችል ሥራ ነው።

የስልክ ጂፒኤስ በገላጣ ሰማይ ሥር 5 ሜትር ገደማ ይስታል። አምስት ሜትር ማለት በእግረኛ መንገድና በአስፋልት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ስለዚህ የትኛው መንገድ ዳር እንደቆሙ ይነግራል፤ ከጠርዙ ወዲህ ይሁኑ ወዲያ ግን አይነግርም። ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው የባቡር ድልድይ ሥር ኮንክሪቱ ሳተላይቱን ይጋርዳል። 209 ሜትር ከፍታ ባለው የንግድ ባንክ ሕንፃና በጎረቤቶቹ መካከል ደግሞ ምልክቱ ከመስታወት ወደ መስታወት እየነጠረ ሰውየውን ሌላ መንገድ ላይ ያስቀምጠዋል። የስልኩ ኮምፓስም በብረት አጥርና በቆሙ መኪኖች ይሳሳታል፤ 30 ዲግሪ ከሳተ፣ ከ50 ሜትር ጉዞ በኋላ መንገደኛው ከመስመሩ 25 ሜትር ርቆ ይገኛል።

መስቀል አደባባይ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰፊ ገላጣ ቦታ ለዓይነ ስውር ሰው ከጠባብ መንገድ ይከብዳል፤ በትር የሚከተለው ጠርዝ የለም፣ ማሚቶ የሚመልስ ግድግዳ የለም፣ ቀጥ ብሎ የሄደ የሚመስለው ሰው ሳያውቀው ይጠመዝዛል። ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ጂፒኤሱ በአንፃሩ ከሁሉም ቦታ በተሻለ የሚሠራው እዚሁ ነው። እንደ አድዋ ድል መታሰቢያ ያሉ ሰፋፊ ግቢዎችም እንዲሁ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የእግረኛ መንገዶች ሲሰፉ፣ የብስክሌት መስመር ሲጨመርና ሱቆች ከዳር ሲነሡ ብዙ ሰው በቃሉ ያጠናው የድምፅና የጠርዝ ምልክት አብሮ ጠፍቷል። እንቅፋቱ በቀነሰበት ቦታ የአቅጣጫ ጠቋሚው ድምፅ ዋጋ ጨምሯል ማለት ነው።

የሚናገረው ምን ብሎ ይናገር? ኢስፒክ የተባለው ነፃ የንባብ ሞተር አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ነው፤ ፊደላችንም መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ «ዋና መንገድ» የሚለውን እንደ ውኃ ዋና ሊያነበው ይችላል። የአውራ ጎዳና ስም ማንበብም ብዙ አይረዳም፤ እዚህ ሰው የሚጓዘው «ከጥቁር አንበሳ ዝቅ ብሎ» እያለ ነው። ከውጭ የተቀዳው፣ አቅጣጫን በሰዓት ፊት ላይ ባለው ቁጥር የሚጠራው «በ3 ሰዓት አቅጣጫ» የሚለው አነጋገር ደግሞ እኛ ዘንድ ወጥመድ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት ሲሆን አጭሩ ዘንግ 9 ላይ፣ በግራ በኩል ነው፤ በሐበሻ በተሞላው ላይ በቀኝ። አንድ ቃል ለሁለት ሰው ተቃራኒ አቅጣጫ ከሰጠ መተው ነው። «ወደ ቀኝ ሰያፍ፣ 20 ሜትር» ይበቃል፤ ከአምስት ቃል ያለፈ መልእክት መንገድ ላይ አይደመጥም።

ካሜራ ያላቸውና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚናገሩት መነፅሮች ሰሌዳ፣ የብር ኖትና የምግብ ዝርዝር ለማንበብ ጥሩ ናቸው። መልሳቸው በኢንተርኔት ዞሮ እስኪመጣ ግን ሰውየው ብዙ ሜትር ሄዷል። ቆመው የሚጠቀሙባቸው ናቸው።

አንድ ነገር ግን ይህን ሁሉ ያከብደዋል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በፍጥነት በዝቷል። ለከተማው አየር መልካም ነው፤ በዝግታ ሲሄድ ግን አይሰማም። ፍጥነት ሲጨምር የጎማው ድምፅ ያጋልጠዋል፤ ከግቢ ሲወጣ፣ ወደ ኋላ ሲመለስና ዜብራ ላይ ሲንፏቀቅ ነው ዝም የሚለው፤ እግረኛው የሚያገኘውም እዚያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 138 እንዲህ ያሉ መኪኖች እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄዱና ወደ ኋላ ሲመለሱ ድምፅ እንዲያሰሙ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ እንዲህ ላለ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ነው። በአንዳንድ መኪና ላይ ድምፁን ማጥፊያ ቁልፍ አለ። ይህ ድምፅ መኖሩንና መሥራቱን በዓመታዊ የቦሎ ምርመራ ላይ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከየትኛውም ቀበቶና መነፅር በላይ ሕይወት ያድናል ብለን እናምናለን።

ሴንሰሩ መኪናውን አያይምን? ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 5.6 ሜትር ይመጣል። በ4 ሜትር ላይ ቢታወቅ የሚቀረው 0.7 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ላይ 180 ሚሊ ሰከንድ ለልኬት ይቀነሳል። መኪናን የሚይዘው ጆሮ ነው፤ ጆሮውም በዚያ ቅጽበት ሌላ ነገር እያዳመጠ መሆን የለበትም።

ስለ ዋጋ ሲነሣ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 የመንቀሳቀሻ መርጃዎች በሚቻል ዋጋ እንዲቀርቡ ብቻ ሳይሆን ሥልጠናም እንዲሰጥ ይላል። በተግባር የሚቀረው ሥልጠናው ነው። በእርዳታ የሚገዛ ድርጅት ገንዘቡን ሁሉ በዕቃው ላይ ከጨረሰ ዕቃው መሳቢያ ይገባል። ሰውየው አስቀድሞ በበትር ብቻ መንገዱን ይወቅ፤ ቀጥሎ መሣሪያውን ጸጥ ባለ አዳራሽ፣ ከዚያ በግቢ ውስጥ፣ በመጨረሻ በሚያውቀው መንገድ ላይ ይልመድ። አዲስ መንገድና አዲስ መሣሪያ በአንድ ቀን አይጀመሩም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ዓይነ ስውርነትን 1.6 በመቶ፣ ዝቅተኛ የማየት አቅምን 3.7 በመቶ አድርጎ ነበር የለካው። ብዙዎቹ ጭላንጭል ያላቸው ናቸው ማለት ነው፤ እነሱ ቀን ላይ ምንም ሳይፈልጉ ምሽት ላይ ብቻ ሊፈልጉት ይችላሉ። አንድ ዓይነት ዕቃ በጅምላ መግዛት ይህን አያይም።

ከመግዛት በፊት መሣሪያውን አንድ ቀን ተውሶ ከስታዲየም እስከ ብሔራዊ ቴአትር መሄድ ብዙ ይገልጣል፦ ድልድይ ሥር ያልፋል፣ ፌርማታ አለው፣ መሻገሪያ አለው፣ የረጃጅም ሕንፃ ጥግ አለው። መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ መሣሪያው መዘጋት አለበት። አንድ እጅ በትር ይዟል፤ ማጥፊያው በሌላኛው እጅ፣ ሳይፈለግ፣ በአንድ ንክኪ የሚገኝ መሆኑን እዚያው ቆሞ መሞከር ነው።